«ወረቀት አለህ?»

የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ሁሉ ይህችን መስመር በቃሉ ያውቃታል፦ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት።» አጭር ናት። ጨዋ ናት፣ ማንንም አትሳደብም። ግን በዚህ አገር ላቡን አንጠፍጥፎ ከሚያድረው ሰው ስንቱን በር ላይ እንደምትመልስ አስቡት። አናጺው፣ በያጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበለ ሞተር መፍታት የተማረው ልጅ፣ ሁሉም ሠርተዋል። ግብር የተከፈለበት ወረቀት ስለሌላቸው ግን ለቀጣሪው እንዳልሠሩ ናቸው።

ቁንዝላን እንውሰድ። ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሰሜን አቸፈር ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዷ ነች። ወደብ ባለበት ደግሞ ሙያ አለ። የሚበላሽ የጀልባ ሞተር አለ፣ የሚቀደድ መረብ አለ፣ የሚበየድ በር አለ፣ ውኃ ውስጥ ወድቆ የወጣ ስልክ አለ። እነዚህን ሁሉ የሚጠግን ሰውም አለ። ትምህርቱን ያገኘው ከአባቱ፣ ከአጎቱ ወይም ከአለቃው ጎን ቆሞ እያየ ነው። ጎበዝ መሆኑን የሚያውቀው ደንበኛው ነው፤ ደንበኛው የሚኖረው ደግሞ እዚያው ነው። ይኸው ሰው ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ላይ ሥራ ሲጠይቅ፣ አሥር ዓመት ሙሉ የሠራበት ሙያ ድንገት «0 ዓመት» ይሆናል።

ስለዚህ «ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም» የሚለውን ክርክር እንደ ቴክኖሎጂ ወሬ አላየውም። የማን ምስክርነት ይቆጠራል የሚል ክርክር ነው። አቋሜን ቁልጭ አድርጌ ላስቀምጥ፦ አንድ ሰው የሠራውን ሥራ በፎቶ፣ በቪዲዮ፣ በድምፅና በምስክር ቃል ሰንዶ ሲያቀርብ፣ የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጠው አካል እንደ ማስረጃ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት። ግዴታ ነው ያልኩት። ያ ግዴታ እስከሌለ ድረስ ወጣቱን «ፖርትፎሊዮ ሥራ፣ ራስህን ሽጥ» እያሉ መምከር፣ አልበም አስይዞ ወደ ተዘጋ በር መላክ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ከሕጉ እንነሳ፤ ምክንያቱም ሕጉ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ አንድ ትልቅ ነገር አምኖ ተቀብሏል። ሰው ሙያውን ከኮሌጅ ይቅሰመው፣ ከሥራ ላይ ይልቀመው፣ ከቤተሰቡ ይውረሰው፣ የሚመዘነው በሚችለው ነገር ነው ብሏል። ቆይቶም በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 954 የዘርፉ ሕግ ሆኖ ወጣ። ሁላችንም «ሲኦሲ» እያልን የምንጠራው ምዘና የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። የሙያ ደረጃ ይወጣል፣ መዛኝ ይመደባል፣ ተመዛኙ በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል፣ ብቁ ከሆነ ማረጋገጫ ይይዛል። የት ተማርክ ተብሎ መጠየቅ የለበትም። በመርሕ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም አልጻፈም።

ሲኦሲን ማሾፊያ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ አላሾፍም። ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው በመንግሥት ማኅተም «ይችላል» እንዲባል መንገድ የከፈተ ሥርዓት ነው። ችግሩ መንገዱ የተጠረገው ከኮሌጅ ወጥቶ ለሚመጣ ተማሪ መሆኑ ነው። የኮሌጁ ተማሪ ፎርም አሞላሉን ያውቃል፣ የጽሑፍ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ያውቃል፣ መፈተኛው መሣሪያ የተለማመደበት ነው። የቁንዝላው በያጅ ግን የመርከብ ወይም የመኪና ይከፍላል፣ የአልጋ ይከፍላል፣ የዕለት ገቢውን ይተዋል። ከዚያ እጁ የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፍ ስሙ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። አሥር ዓመቱ በአንድ ቀን ይለካል። ያቺ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ማሽን ላይ፣ በሌላ ሰው ሰዓት የምታልፍ ቀን ናት። ቢወድቅ «አይችልም» ይባላል። የወደቀው ብየዳው ይሁን አቀራረቡ ማንም አይነግረውም።

ፖርትፎሊዮ የሚገባው እዚህች ክፍተት ላይ ነው። ቃሉ ሲጠራ ብዙዎቻችን የምናስበው የግራፊክ ዲዛይነርን ድረ ገጽ ነው። ይኼን ምስል ለጊዜው ተዉትና አንድ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ አስቡ። ሰባት ጥገናዎችን በስልኩ ሰንዷል እንበል። ለእያንዳንዱ ጥገና ባለቤቱ ሲያመጣው ምን ብሎ እንዳመጣው ተቀርጿል፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ተቀርጿል። ጠጋኙ በራሱ አንደበት «ይኼ ድምፅ የነዳጅ አይደለም፣ እስቲ ካንዴሉን ልየው» ብሎ ለምን እንደፈታው ያስረዳል። መለዋወጫ ሲጠፋ ምን እንዳደረገ ያሳያል። ከሦስት ወር በኋላ የጀልባው ባለቤት «እስካሁን ቀጥ ብሎ ይሠራል» ሲል ድምፁ ተጨምሯል። ከሰባቱ አንዱ ደግሞ ያልተሳካ ጥገና ነው፤ ለምን እንዳልተሳካም ተናግሯል።

ይህን ያየ መዛኝ በአንድ ቀን ፈተና ሊያየው የማይችለውን አይቷል። ሰውየው ችግር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያስብ፣ ሥራውን ስንት ጊዜ እንደደገመው፣ ከእጁ የወጣው ነገር ከርሞ እንደሚቆይ አይቷል። ሙያ ማለትስ ይኸው አይደል እንዴ?

እዚህ ላይ ለጣና ዳርቻ ሰው የቆየ ቂም አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያሉ ማንኳሰስ አገሩን በዕውቀት ድሃ እንዳደረገው ገብቷቸው ነበር። ያ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬ በአደባባይ «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚሳደብ ሰው ብዙ አይገኝም። በምትኩ «ወረቀት አለህ?» የሚል ጨዋ ጥያቄ መጣ። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ የሚሠራው ከሚያወራው በታች ይቀመጣል።

ታንኳን ተመልከቱ። ደንገል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተጠፍሮ ሐይቅ የሚሻገር ነገር ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፣ ስለዚህ ሠሪው እጁን አያሳርፍም። ይህን ጥበብ ለዘመናት ይዞ የቆየው በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ነው፤ የተከፈለው ዋጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ንቀት ነበር። ዛሬ የታንኳ ፎቶ የጣና መለያ ሆኖ ቱሪስት ይጠራል። ጣና ራሱ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐይቁ ዕውቅና አገኘ፣ ታንኳውም ፖስተር ላይ ወጣ። ታንኳ ሠሪውስ? ይህን የሚያህል ዕውቀት በየትኛው ደረጃ ይመዘናል? የትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል?

ሌላም ልጨምር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃውን ከጣና የሚወስደው በቁንዝላ በኩል ነው። ውኃው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፤ ማመንጫው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንዲህ ዓይነት ግንባታ በየትም አገር ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በቀን ሠራተኝነት የገባ ልጅ ብረት ማሰር፣ ኮንክሪት መሙላት፣ መበየድ፣ ማሽን መንዳት ተምሮ ይወጣል። ፕሮጀክት ሲያልቅ ግን እያንዳንዷ ሜጋ ዋት ተመዝግባ ትቀራለች፤ የሠራተኛው እጅ የተማረውን የሚመዘግብ የለም። ዕድለኛው አንድ ደብዳቤ ይይዛል፣ ሌላው ወሬውን ይዞ ይሄዳል። ቀጣዩ ግንባታ ላይ ሄዶ እንደገና «ከዜሮ» ይጀምራል። በአገር ደረጃ ስናስበው፣ በውድ የተገዛን ሥልጠና በየጊዜው ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው።

እስካሁን የወቀስኩት «ወረቀት ወይም ሞት» የሚለውን ወገን ነው። አሁን ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ወደ እኛው ማለቴ ነው፣ ስልክ ላይ ወደምናድረው። «ዘመኑ የፖርትፎሊዮ ነው፣ ሥራህን ፖስት አድርግ፣ ዓለም ያይሃል» የሚለው ስብከት ሰልችቶኛል። ዓለም አያይህም። ዓለም የሚያየው ጥሩ ካሜራ፣ ጥሩ መብራትና ጥሩ ሙዚቃ ያለውን ነው። ቲክቶክ ላይ መቶ ሺህ ሰው ያየው ብየዳና የጠበቀ ብየዳ አንድ አይደሉም። ላዩ ያማረ ብየዳ ውስጡ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ሌላ በያጅ እንጂ ላይክ የሚያደርገው ሕዝብ አይደለም። ስለዚህ ፖርትፎሊዮ መዛኝ ያስፈልገዋል። ያለ መዛኝ የቀረ እንደሆነ ማስታወቂያ ነው።

«ብሎክቼን ሁሉን ይፈታዋል» የሚሉም አሉ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ከካርዳኖ ብሎክቼን ገንቢ ኩባንያ ጋር ስምምነት ማድረጉ ሲሰማ ትልቅ ዜና ነበር። የ3,500 ትምህርት ቤቶች፣ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና የ750,000 መምህራን መረጃ በዲጂታል መዝገብ እንደሚያዝ ተነገረ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ የተጭበረበረ ውጤት ለመለየት ይረዳል። ግን ልብ በሉ፦ የሚመዘገበው ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሰጠው ውጤት ነው። ትምህርት ቤት ያልሰጠውን ዕውቀት ብሎክቼን ከየት ያመጣዋል? ወረቀት የሌለውን ሰው በማይሰረዝ መዝገብ ላይ ወረቀት የሌለው አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በቃ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም ነው። ወጣቱ ኦንላይን ኮርስ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ዲጂታል ሰርተፍኬት ያገኛል። ጥሩ ነው፣ የወሰዳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ይኼ ነገር አንድ ሰበብ ከመሥሪያ ቤቶች እጅ ይነጥቃል፦ «አቅም የለንም» የሚለውን። መንግሥት ሲፈልግ ለሚሊዮኖች ዲጂታል ማስረጃ ማዘጋጀት እንደሚችል አይተናል። ስክሪን ላይ ለተማረው የተዘረጋ እጅ፣ ከሞተር ሥር ተኝቶ ለተማረው የሚታጠፍበት ምክንያት የለም።

ኢንተርኔትንም እንርሳ ብንል አይረሳም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ሥራውን ክላውድ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ልጅ በዚያ ዓመት ውስጥ የራሱን ሥራ ራሱ ማየት አይችልም ነበር። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ሁሉም በኦንላይን ይሁን» የሚል ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ዓመት ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ያስቀምጥ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋ ማስረጃ፣ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

«ይኼ ሁሉ ሕልም ነው» ለሚል ሰው የፈረንሳይን ላንሳ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሕግ ሰው በሥራ ያካበተውን ልምድ አስመዝኖ ዲፕሎማ የማግኘት መብት ሰጡ። አመልካቹ የሠራውን ዘርዝሮ ዶሴ ያዘጋጃል፣ የሙያው ሰዎች ያሉበት ዳኛ ቡድን ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ሙሉ ዲፕሎማውን ሊያገኝ ይችላል፣ ወይም «ይህን ይህን ታውቃለህ፣ ይህ ይቀርሃል» ተብሎ በከፊል ይያዝለታል። መጀመሪያ የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቁ ነበር፣ በ2016 ወደ አንድ ዓመት አወረዱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደመወዝ ያልተከፈለበት የበጎ ፈቃድ ሥራ ሳይቀር እንደ ልምድ ይቆጠራል። እኛ «ግብር የተከፈለበት» ስንል እነሱ «የተሠራ» ይላሉ።

የእነሱም እንከን አለው። ዶሴው ብዙ ጽሑፍ ይጠይቃል፣ ሰው መንገድ ላይ ይተወዋል የሚል ወቀሳ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነገሩን ለማቅለል ሕጉን አሻሻሉ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ድርሰት አትጠይቁ። አማርኛም አገውኛም የሚናገር ሰው ስልኩ ላይ አምስት ደቂቃ ቢያወራ፣ አምስት ገጽ ከሚያጽፉት በላይ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «ይጭበረበራል» የሚል ነው። አዎ፣ ይጭበረበራል። ወረቀቱስ? ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ ወንበር ላይ የተገኘ ሰው ወሬ መስማት ለዚህ አገር አዲስ ነው እንዴ? ማኅተም ለማስቀረጽ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ሰባት ሞተሮችን፣ ሰባት ባለቤቶችን፣ የወራት ቀኖችንና የራስን ድምፅ አስተባብሮ መዋሸት ግን ከመጠገኑ በላይ ያደክማል። ያም ሆኖ መዛኙ ሰውየውን «ሦስተኛውን ጥገና አስረዳኝ፣ እስቲ ይኼን ፍታልኝ» ብሎ በአሥር ደቂቃ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ሕይወት ላይ የሚወስን ሙያስ?» የሚል ነው። እውነት ነው። ነርስን ወይም የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪሺያንን በቪዲዮ ብቻ ፈቃድ ስጡት የሚል ካለ ከእኔ ወገን አይደለም። ፖርትፎሊዮ ፈተናን ያጠፋል አላልኩም። ፈተናው ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል ነው ያልኩት። አደገኛ በሆነው ሙያ ላይ የተግባር ፈተናው ይቆይ፣ ይጥበቅም። በቀረው ላይ ግን ሰው ያሳየውን እንደገና እያስከፈሉ እንዲያሳይ ማድረግ ጥንቃቄ አይባልም።

ሦስተኛው «ሠራተኛው ራሱ አይፈልገውም፣ ሥራ አለው፣ ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው። ማረጋገጫ የሌለው ባለሙያ ከቀዬው ሲወጣ ደመወዝ መደራደር አይችልም፣ ጨረታ ላይ አይቀርብም፣ በሕጋዊ መንገድ ውጭ አገር ልሂድ ቢል የሚያሳየው የለውም። ቀዬው ላይ ያስቀመጠው ፍቅር ብቻ ሳይሆን የወረቀት እጦትም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም፣ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮም ይስሙ፤ አዲስ ሕንጻ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

አንደኛ፣ የምዘና አካሉ ፖርትፎሊዮን በማስረጃነት ይቀበል፣ ሲመልስም በጽሑፍ ይመልስ። የትኛው ብቃት እንደታየ፣ የትኛው እንደሚቀር ለይቶ ይንገር። «አልፈሃል፣ ወድቀሃል» ብቻ መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን። በሚሞሪ ካርድ ይምጣ፣ ቢሮው ላይ ይገልበጥ፣ ደረሰኝ ይሰጥበት። የፋይዳ መታወቂያ ያለው ሰው ማስረጃውን ከስሙ ጋር ያያይዝ፤ የሌለው ግን በዚህ ሰበብ አይመለስ።

ሦስተኛ፣ መዛኙ ይሂድ። አንድ መዛኝ መርከብ ተሳፍሮ ቁንዝላ ቢደርስ፣ ሃያ ባለሙያዎች ሥራቸውን ጥለው ባሕር ዳር ከሚመላለሱ ይረክሳል። ፋይሉን አስቀድሞ ካየው ደግሞ እዚያ የሚያጠፋው ጊዜ አጭር ይሆናል።

አራተኛ፣ ፋይሉ የሠራተኛው ይሁን። የአሠሪው፣ የአፑ፣ የኮሌጁ አይደለም። ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሂድ፤ ማን እንደሚያየው እሱ ይወስን። ደንበኛውም ሳይጠየቅ ፊቱና ቤቱ አይቀረጽ።

አምስተኛ፣ ያቺ መስመር ትነሳ። ግብር መሰብሰብ የገቢዎች ሥራ ነው። የሰውን ዕውቀት የግብር ደረሰኝ ታግቶ እንዲቆይ ማድረግ የቀጣሪ ሥራ አይደለም። በምትኩ «የሥራ ልምዱን በሰነድ ወይም በተመዘነ የሥራ ማሳያ ማቅረብ የሚችል» ብሎ መጻፍ የሚያስወጣው ቀለም ብቻ ነው።

እናንተ ይህን በስልካችሁ የምታነቡት ደግሞ ሕጉ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ከመካከላችሁ አባቱ፣ እናቷ ወይም ጎረቤቱ ባለሙያ ያልሆነበት ሰው የለም። ቀን ያለበት ፎቶ አንሱላቸው። «ይኼን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ቅረጹ። ደንበኛው ሁለት ቃል ይናገር። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከኔትወርክ ውጭ ይሁን። ከዚያ ሃያ ሆናችሁ፣ ሃያ ፋይል ይዛችሁ፣ የምዘና ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህን የማትቀበሉት በየትኛው የሕግ አንቀጽ ነው?» መልሱንም በጽሑፍ ስጡን በሏቸው። እስካሁን ወረቀት ሲጠይቁን የኖሩት እነሱ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው።